ለስልክም ለኮምፒውተርም የሚሆን ቀላል ጌም መሥራት፦ ከድሬና ከሐረር ልጆች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ድሬ ውስጥ አንቱታ ብዙ ቦታ የለውም። ስለዚህ እኔም አንተ እያልኩ ነው የምጽፈው፤ ጠያቂዋ ሴት ስትሆን ደግሞ አንቺ እላለሁ። ጌም መሥራት ከጀመርኩ ወዲህ ከከዚራ፣ ከሳቢያን፣ ከመጋላ ልጆች የሚመጡልኝ ጥያቄዎች በጣም ይመሳሰላሉ። ለእያንዳንዱ ለየብቻ ስመልስ ሁሌ አንድ ነገር እየረሳሁ ተቸገርኩ። አንድ ላይ ሰብስቤ ጻፍኳቸው።

የመጀመሪያ ጌሜ ምን ቢሆን ይሻላል?

ትንሽ ይሁን። በጣም ትንሽ።

ብዙ ልጆች ይዘውልኝ የሚመጡት ትልቅ ሐሳብ ነው። ከተማ ሙሉ መኪና የሚነዳበት፣ ኦንላይን ከጓደኛ ጋር የሚታኮሱበት። ሐሳቡ ክፋት የለውም። ግን እንዲህ ያለውን ጌም ብዙ ባለሙያ ተሰብስቦ ለዓመታት ነው የሚሠራው። ብቻህን ከገባህበት በሦስተኛው ሳምንት ይሰለችሃል፣ ትተወዋለህ። ያልተጨረሰ ጌም ደግሞ ማንም አይጫወተውም።

እኔ የምመክረው ገበጣ ነው። ተራ በተራ ስለሚጫወቱት ፍጥነት አያስጨንቅህም። ጣትም ማውስም እኩል ይሠሩበታል። አጨዋወቱ ከቦታ ቦታ ይለያያል፤ ለመለማመጃ ግን ሁለት ረድፍ፣ በየረድፉ ስድስት ጉድጓድ፣ በየጉድጓዱ አራት ጠጠር ያዝ። በጠቅላላው 48 ጠጠር ማለት ነው።

ለኮምፒውተሩ ይህ ሁሉ አሥራ ሁለት ቁጥሮች በተርታ ናቸው፣ ሌላ ምንም አይደለም። ጉድጓዶቹን ከ0 እስከ 11 ቁጥር ስጣቸው። ተጫዋቹ ቁጥር 9ን ነካ እንበል፤ ውስጡ 5 ጠጠር አለ። 9 ባዶ ይሆናል። ከዚያ አንድ አንድ እየጣልክ ትሄዳለህ፦ 10፣ 11። ቀጥሎስ? ቁጥር 12 የሚባል ጉድጓድ የለም። ወደ 0 ዞረህ፣ 1፣ 2 ብለህ መጨረስ አለብህ። ለዚህ ያለህበት ቁጥር ላይ አንድ ትደምርና ለ12 አካፍለህ ቀሪውን ትወስዳለህ። 12 ለ12 ሲካፈል ቀሪው 0 ነው፤ 0 ደግሞ የመጀመሪያው ጉድጓድ ነው። ልጅ ሆነን የተማርነው ማካፈል ነው እንግዲህ። ይህቺ አንዲት መስመር የሠራችልኝ ቀን ማታ እናቴን ጠርቼ አሳየኋት። ጠጠሮቹ ሰሌዳውን ዞረው ሲመለሱ አይታ «ተራው የማን ነው?» አለችኝ። ተራ የሚለውን ገና አልሠራሁትም ነበር። በማግስቱ ሠራሁት።

ዩኒቲ ይሻላል ወይስ ጎዶት?

ሁለቱም ጌም የሚሠራባቸው ፕሮግራሞች ናቸው፤ ሁለቱም ካሰብክበት ያደርሱሃል። እኔ ጎዶትን እመርጣለሁ፤ ምክንያቴም የኛው ኑሮ ነው።

ጎዶት ነፃ ነው። ከ2014 ጀምሮ ኮዱ ራሱ ለሁሉም ክፍት ነው። ጌምህ ቢሸጥም ድርሻዬን ስጠኝ አይልህም። ደግሞ ትንሽ ነው። ዩኒቲ ከነተጨማሪዎቹ ብዙ ጊጋባይት ሲበላ፣ የጎዶት ኤዲተር የሚወርደው ዚፕ 200 ሜጋባይት እንኳን አይሞላም። ዚፑን ትፈታለህ፣ ትከፍተዋለህ፣ አለቀ። በፓኬጅ ለሚኖር ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ኮድ የሚጻፍበት ቋንቋ ጂዲስክሪፕት ይባላል፤ ፓይተን የሚባለውን የኮድ ቋንቋ ትንሽም ቢሆን ያየ ሰው ቶሎ ይለምደዋል።

ዩኒቲ ሲ ሻርፕ በሚባል የኮድ ቋንቋ ነው የሚሠራው። ትልቅ ድርጅት ገብተህ በጌም ሙያ መቀጠር ካሰብክ እሱን ማወቅህ ይጠቅምሃል። ኩባንያው በ2023 ጌም በተጫነ ቁጥር ክፍያ ሊጠይቅ መሆኑን አስታውቆ ብዙ ሠሪዎችን አስቆጥቶ ነበር። በዓመቱ ሰረዘው። ያኔ ወደ ጎዶት የተሻገረው ሰው ቀላል አልነበረም።

ጎዶት ላይ አዲስ ፕሮጀክት ስትከፍት የሚያስቆጭ ስህተት አለ። ሥዕሉን በምን ላሳይ ብሎ ምርጫ ይሰጥሃል። ኮምፓቲቢሊቲ የሚለውን ምረጥ። የቀሩት ምርጫዎች እንደ ቩልካን ያለ አዲስ የግራፊክስ ቴክኖሎጂ የሚችል መሣሪያ ይፈልጋሉ። አሮጌ ላፕቶፕና ርካሽ ስልክ ላይ ወይ አይከፈትም ወይ ይንቀራፈፋል። የኛ ሰው በብዛት የያዘው ደግሞ እንዲህ ያለውን ስልክ ነው።

ጌሙን ለአንድሮይድ ለማውጣት፣ ማለትም ስልክ ላይ የሚጫን ለማድረግ፣ ተጨማሪ ሦስት ነገር ታወርዳለህ፦ የጎዶትን ኤክስፖርት ቴምፕሌት (የማውጫ ፋይሎቹን)፣ ጃቫ 17ን፣ የአንድሮይድ ኤስዲኬን (የአንድሮይድ አፕ መሥሪያውን)። እነዚህ ከኤዲተሩ በብዙ እጥፍ ይከብዳሉ። ዋይፋይ ያለበት ቦታ ሄደህ ሁሉንም በአንድ ቀን ጨርሳቸው።

ለታናሽ ወንድምህ ወይም እህትህ ከሆነ ስክራች ስጣቸው። ኮድ መጻፍ የለበትም፤ እንደ ጡብ መገጣጠም ነው። ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ ቅጂም አለው።

ኮምፒውተር የለኝም። በስልኬ ብቻ መሥራት እችላለሁ?

ትችያለሽ። ጎዶት ለአንድሮይድ የተዘጋጀ ኤዲተር አለው፣ ፕሌይ ስቶር ላይ ታገኚዋለሽ። ታብሌት ላይ ይመቻል፤ ስልክ ላይ ግን ስክሪኑ ይጠባል። ፖኬት ኮድ የሚባለው አፕ ደግሞ ከመጀመሪያው ለስልክ ታስቦ የተሠራ ስለሆነ ለጀማሪ ይቀላል። በኦቲጂ ገመድ ኪቦርድ ብትሰኪ ግማሹ ድካም ይቀንስልሻል።

በስልክ ተማሪ፣ ሞክሪ። ለመጨረስ ግን በሳምንት ሁለት ቀንም ቢሆን የሰው ኮምፒውተር ለምኚ። ከጓደኛሽ ጋር አብራችሁ ብትሠሩ ደግሞ ኮምፒውተሩም ይገኛል፣ ሐሳቡም ይበዛል።

አንዱን ጌም ለስልክና ለኮምፒውተር ሁለት ጊዜ መሥራት አለብኝ?

የለብህም። ኮዱ አንድ ነው። ስታወጣ ለዊንዶውስም ለአንድሮይድም ለየብቻ ታወጣለህ እንጂ ዋናው ሥራ አንድ ነው። ልዩነቱ ያለው ሰውየው እጅ ላይ ነው። ይህን እኔ የተማርኩት ተሳስቼ ነው።

የመጀመሪያው የባጃጅ ጌሜ ኮምፒውተር ላይ በጣም ያምር ነበር። ባጃጇ ከስክሪኑ ግርጌ ናት፤ መንገዱ ከላይ ወደ ታች ይመጣል። በቀስቶቹ ግራ ቀኝ እያልክ ከጉድጓድና ከፍየል ታመልጣለህ። ስልክ ላይ ጫንኩትና ለጎረቤት ልጅ ሰጠሁት። ምንም አላስረዳሁትም። ልጁ አውራ ጣቱን ባጃጇ ላይ አሳረፈ። ባጃጇ ጠፋች። ጣቱ ሙሉ በሙሉ ሸፈናት። አንገቱን ወደ ግራ ዘንበል፣ ወደ ቀኝ ዘንበል እያደረገ ከጣቱ ሥር ሊያያት ይሞክራል። አምስት ጊዜ ከፍየል ጋር ተጋጨና ስልኩን መለሰልኝ።

ያን ቀን ባጃጇን ወደ ላይ ከፍ አደረግኳት። ከስክሪኑ የታችኛውን ሲሶ ለአውራ ጣት ተውኩት። ሌላ የነካሁት ነገር የለም። ልጁ በማግስቱ መጥቶ ስልኩን አልመልስም አለ።

ስለዚህ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የሚከተሉትን አስብባቸው። ኮድህ ውስጥ «የግራ ቀስት ከተጫነ» ብለህ አትጻፍ። ጎዶት ላይ «ወደ ግራ» የሚል ተግባር ፍጠርና ቀስቱንም ስክሪኑ ላይ ያለውን ቁልፍም ከሱ ጋር አያይዝ። ጌሙ ትእዛዙ ከየት እንደመጣ ማወቅ የለበትም። ጌምህ በአንድ ክሊክ ብቻ የሚሠራ ከሆነማ ይበልጥ ይቀልሃል፤ ጎዶት ሳትጠይቀው ንክኪን እንደ ማውስ ክሊክ ይቆጥረዋል።

ስክሪን ላይ የምታስቀምጠው ቁልፍ ስፋቱ ከ9 ሚሊሜትር እንዳያንስ። ኮምፒውተር ላይ ሲታይ ትልቅ መስሎህ ታሳንሰዋለህ፤ ስልክ ላይ ጣት ሁለቱን በአንዴ ይጫናል። የስክሪኑ ቅርፅም አንድ አይደለም። የድሮ ስልክ አጠር ይላል፣ የአሁኑ ረዘም ቀጠን ይላል፣ ኮምፒውተሩ ደግሞ ወደ ጎን የተኛ ነው። ነጥብና ቁልፎችን ከስክሪኑ ጠርዝ ጋር እሰራቸው እንጂ መሐል ላይ በቁጥር አትቸንክራቸው።

ስልክ ደግሞ ይደወላል። ኮምፒውተር አይደወልለትም። ሰውየው ስልክ ሲያነሳ ጌሙ ራሱ ቆሞ መጠበቅ አለበት፣ ነጥቡንም ያን ጊዜውኑ ማስቀመጥ አለበት። ነጥብ ስታስቀምጥ ጎዶት ለተጠቃሚ ብሎ በለየው ቦታ፣ «ዩዘር» ብሎ በሚጀምረው አድራሻ ይሁን። «ሬስ» በሚለው፣ የጌሙ የራሱ ፋይሎች ባሉበት ውስጥ ካስቀመጥክ ኤዲተሩ ውስጥ ይሠራልሃል፤ ጌሙ ወጥቶ ስልክ ላይ ሲጫን ግን አይሠራም። ብዙ ልጆች እዚህ ጋ ተቀርቅረው መጥተውብኛል።

ጌሜ በጓደኛዬ ስልክ ላይ እብድ ሆኖ ይፈጥናል። ለምን?

የጓደኛህ ስልክ ስክሪን በሰከንድ 90 ወይም 120 ጊዜ ስለሚታደስ ነው። ያንተ ምናልባት 60 ነው።

ባጃጇ በእያንዳንዱ ፍሬም፣ ማለትም ስክሪኑ በታደሰ ቁጥር፣ 5 ፒክስል (የስክሪን ነጥብ) ትሂድ ብለሃል እንበል። ያንተ ስልክ ላይ 5 ሲባዛ በ60፣ በሰከንድ 300 ፒክስል ትሄዳለች። የሱ ላይ 5 ሲባዛ በ120፣ 600። እጥፍ ሆነ። መፍትሔው በፍሬም ሳይሆን በሰከንድ ማሰብ ነው። «በሰከንድ 300» ትላለህ፤ ከዚያ ካለፈው ፍሬም ወዲህ ባለፈው ጊዜ ታባዛዋለህ። ይህን ጊዜ ጎዶት ዴልታ ብሎ በየፍሬሙ ያቀብልሃል። 60 ላይ 5 ፒክስል ይሆናል፣ 120 ላይ ሁለት ተኩል። በሰከንዱ መጨረሻ ሁለቱም ባጃጆች እኩል ቦታ ይደርሳሉ።

ጠዋት በደንብ ይሠራል፣ ከሰዓት ላግ ያደርጋል። ስልኬ ተበላሽቶ ነው?

ይህን ጥያቄ የድሬ ልጅ ነው የሚጠይቀው። ስልክህ ደህና ነው፣ ሞቆት ነው። ስልክ ሲግል ፕሮሰሰሩ ራሱን ለማቀዝቀዝ ፍጥነቱን ይቀንሳል። ድሬ ላይ ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ውጭ ቆመህ ስትጫወት ስልኩ ገና ሳትነካው ግሏል። ጌምህን በዚያ ሰዓት፣ በዚያ ቦታ ሞክረው። እዚያ ከሠራ የትም ይሠራል።

ሥራውን ማቅለል ግን ያንተ ድርሻ ነው። ገበጣ በሰከንድ 60 ጊዜ መሳል የለበትም፤ 30 ይበቃዋል። እንዲያውም ጎዶት ላይ የሆነ ነገር ሲለወጥ ብቻ ሳል የሚል ምርጫ አለ። እሱን ስትከፍት ባትሪውም ይቆያል።

ሥዕሎችህንም እያቸው። 4096 በ4096 ፒክስል የሆነ ሥዕል ፋይሉ ትንሽ ቢመስልም፣ ሳይጨመቅ ሜሞሪ ላይ ሲወጣ 64 ሜጋባይት ይይዛል። ባጃጇ ስክሪን ላይ የአንድ ጣት ስፋት ከሆነች ያን ያህል ሥዕል ምን ያደርግላታል? ድምፅም እንደዚሁ ነው። የአንድ ደቂቃ ሙዚቃ ዌቭ በሚባለው የድምፅ ፋይል ዓይነት 10 ሜጋባይት ገደማ ይሆናል። ኦግ ወደሚባለው ዓይነት ስትቀይረው ወደ 1 ሜጋባይት ይወርዳል፣ ጆሮ ልዩነቱን አይለየውም።

ሌላው ፀሐይ ነው። ግራጫ በግራጫ ላይ ከጻፍክ ውጭ ምንም አይታይም። ደማቅና ጨለማ ቀለም አጋጥም።

ሥዕል አልችልም። ጌም መሥራት እችላለሁ?

አዎ። ቴትሪስን በ1984 ሞስኮ ላይ የሠራው አሌክሲ ፓዢትኖቭ የነበረው ኮምፒውተር ሥዕል ማሳየት አይችልም ነበር። ብሎኮቹን በቅንፍ ምልክቶች ነው የሠራቸው። ዓለም ሁሉ የተጫወተው ጌም እንዲህ ነው የተጀመረው። አንተም በአራት ማዕዘንና በክብ ጀምር። ባጃጇ ሰማያዊ አራት ማዕዘን ሆና ካዝናናች፣ ስትሳል ደግሞ ይበልጥ ታዝናናለች። አራት ማዕዘን ሆና ካሰለቸች ግን ሥዕል አያድናትም።

ከዚያ ኬኒ የሚባለው ድረ ገጽ ላይ ማንም በነፃ የሚጠቀምባቸው ብዙ ሥዕሎች አሉ። ራስህ ልሳል ካልክ ክሪታ ነፃ ነው። ድምፅ ከስልክህ ቅዳና በኦዳሲቲ ቁረጠው። የኔ ጌም ውስጥ ያለው የባጃጅ ድምፅ ከዚራ ዛፍ ሥር ቆሜ የቀዳሁት ነው። የዘፋኝ ዘፈን ግን ሳታስፈቅድ አታስገባ። የሰው ላብ ነው።

በአማርኛ ብጽፍበት ስልኩ ላይ አራት ማዕዘን ብቻ ይታያል። ምን ላድርግ?

ፎንቱን፣ ማለትም የፊደሉን ቅርፅ የያዘውን ፋይል፣ ከጌሙ ጋር አብረህ አስገባው። ስልኩ ይኖረዋል ብለህ አትመን። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክና አቢሲኒካ ሁለቱም ነፃ ናቸው፤ ጌም ውስጥ መክተት ይፈቀዳል።

ድሬ ላይ የምትሠራ ከሆነ ግን በአማርኛ አትቁም። አንድ ሰፈር ውስጥ አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማልኛ ይነገራል። ጽሑፎችህን ኮዱ ውስጥ አትበትናቸው። አንድ ሠንጠረዥ ውስጥ አስቀምጣቸው፦ በየመስመሩ አንድ ቃል፣ በየዓምዱ አንድ ቋንቋ። ሠንጠረዡን ሲኤስቪ በሚባል ፋይል ካስቀመጥከው ጎዶት እንዳለ ይቀበልሃል። ኦሮምኛና ሶማልኛ በላቲን ፊደል ስለሚጻፉ ቃሉ ይረዝማል። «ጀምር» በኛ ሦስት ፊደል ነው፤ «ጀልቀቢ» በቁቤ ሲጻፍ ሰባት ይሆናል። ቁልፉን በአማርኛው ልክ ከሰፋኸው ኦሮምኛው ይቆረጣል። ደግሞ ትርጉሙን ራስህ ገምተህ አትጻፍ። ጎረቤትህን ጠይቅ፤ ደስ ብሎት ነው የሚነግርህ።

እኔ ሐረር ነኝ። ስለ ጀጎል ጌም መሥራት እፈልጋለሁ፤ ከየት ልጀምር?

ይህን የጠየቀችኝን ልጅ ቀናሁባት። ጀጎል እኮ ተሠርቶ ያለቀ ጌም ነው። ጠባብ መንገድ፣ ድንገት የሚታጠፍ፣ አንዳንዱ ዝግ። የማምለጫ ጌም ካርታ ከዚህ የተሻለ አይገኝም። አምስቱ ጥንታዊ በሮች አምስት ደረጃ ይሆኑልሻል።

ደብተር ላይ 20 በ20 ሣጥን ሥሪ። ግድግዳው 0፣ መንገዱ 1። ያ ወረቀት በቀጥታ ወደ ኮድ ይገባል። ተጫዋቹ ሊሄድ ሲል የሚቀጥለውን ሣጥን ታያለሽ፤ 1 ከሆነ ያልፋል፣ 0 ከሆነ ይቆማል።

ጅብስ? መጀመሪያ ያሰበችው ጅቡ የሚያሳድድ፣ ሰውየው የሚሸሽ ነበር። ሌላ አገር የተሠራ ጌም ያንን ያደርግ ነበር። ሐረር ላይ ግን ጅብ ማታ ማታ በእጅ ሥጋ ይጎርሳል፤ ግንቡ ላይ እንኳን ጅቦች የሚገቡበት ቀዳዳ አለ። ስለዚህ ተጫዋቹ ሥጋ ይዞ በየመንገዱ ጅቦቹን ፈልጎ ቢያጎርስስ አልኳት። ጅቦቹ በነዚያ ቀዳዳዎች ይግቡ። ሌሊቱ ሳያልቅ ሁሉም መብላት አለባቸው። ኮዱ ያው ነው፤ ጅቡ መስቀለኛ ላይ ሲደርስ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ሥጋው የሚያቀርበውን መንገድ ይመርጣል፣ አልፎ አልፎ ደግሞ ዝም ብሎ ይታጠፋል። ይህቺ አልፎ አልፎ የምትለው ናት ጅቡን ጅብ የምታስመስለው።

ሒሳብ ጎበዝ መሆን አለብኝ?

መደመር፣ ማባዛት፣ ቀሪ፣ ኤክስና ዋይ። ለመጀመሪያ ጌም በቂ ነው። አንድ ነገር ብቻ ያደናግርሃል፦ ስክሪን ላይ ዋይ ወደ ታች ነው የሚጨምረው። ባጃጇን ወደ ላይ ለመውሰድ ትቀንሳለህ።

ስጨርስ እንዴት ለሰው ላድርሰው?

በድሬ መንገድ ጀምር። ኤፒኬውን፣ ማለትም አንድሮይድ ስልክ ላይ የሚጫነውን ፋይል፣ በቴሌግራም ላክ ወይም በዜንደር ከስልክ ወደ ስልክ አሻግር፤ ዳታ እንኳን አይፈጅም። ስልኩ ከማይታወቅ ምንጭ ነው ብሎ ፈቃድ ይጠይቃል። ይህን ለሰዎቹ አስቀድመህ ንገራቸው፣ አለበለዚያ ይፈራሉ። ለኮምፒውተር ደግሞ ኢች ዶት አይኦ የሚባለው የጌም ድረ ገጽ ላይ በነፃ ታስቀምጣለህ፤ ብሮውዘር ውስጥ የሚከፈትም ማድረግ ይቻላል።

ፕሌይ ስቶር 25 ዶላር አንድ ጊዜ ያስከፍላል፤ በኢንተርኔት የሚከፍል ካርድ ያስፈልግሃል። አዲስ የግል አካውንት ከሆነ ጌሙን ለሁሉም ከመክፈትህ በፊት 12 ሰዎች ለ14 ተከታታይ ቀናት ሊሞክሩልህ ይገባል። እዚያ የሚሰቀለው ፋይልም ኤፒኬ ሳይሆን ኤኤቢ የሚባል ሌላ ዓይነት ነው። የአፕል በዓመት 99 ዶላር ነው፣ ማክ ኮምፒውተርም ይፈልጋል። ለጊዜው ተወው።

ጌምህን የምትፈርምበት ኪስቶር የሚባል ፋይል አለ። እሱን አትጣው። በሌላ ኪስቶር የተፈረመ አዲስ ቅጂ በአሮጌው ላይ አይጫንም። ሰዎቹ አጥፍተው እንደገና መጫን አለባቸው፣ ነጥባቸውም አብሮ ይጠፋል።

ገንዘብ ይገኝበታል?

ከመጀመሪያው ጌምህ አትጠብቅ። ማስታወቂያ የሚከፍለው ብዙ ሰው ሲጫወት ነው። የጨረስካቸው ሁለት ሦስት ትናንሽ ጌሞች ግን ሥራ ያመጣሉ። ፊደል የሚያስተምር ጌም የሚፈልግ ትምህርት ቤት፣ ለሱቁ አፕ የሚፈልግ ነጋዴ «የሠራኸውን አሳየኝ» ነው የሚልህ። ያን ጊዜ ስልክህን አውጥተህ ታሳያለህ።

መብራት ጠፍቶ የሁለት ቀን ሥራዬ ጠፋ። እንዴት ላድርግ?

አይዞህ፣ ሁላችንም ደርሶብናል። ጊት የሚባለውን ተማር። ኢንተርኔት ሳያስፈልገው ኮምፒውተርህ ላይ የየቀኑን ሥራ ያስቀምጥልሃል፤ ዛሬ ቢበላሽ ወደ ትናንቱ ትመለሳለህ። ትእዛዞቹ ብዙ ናቸው፤ ላንተ ጥቂቶቹ ይበቁሃል። ጊትን እስክትለምድ ማታ ማታ ሙሉ ፎልደሩን ከነቀኑ ስም ሰጥተህ ፍላሽ ላይ ገልብጥ። ኪስቶሩንም እዚያው ጨምረው። ፍላሹን ደግሞ ከላፕቶፑ ጋር አንድ ቦርሳ ውስጥ አታስቀምጠው።